ከእድሩ መዝገብ ያስወጣኋት አክስትሽ

ለሊሴዬ፣

እጄ በልማዱ «ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ብሎ ሊጀምር ነበር፤ ያዝኩት። ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር አለፈ። ያለ አንቺ ሁለት ክረምት አሳለፍኩ።

የቤቱን ልንገርሽ። የማድቤቱ ጣሪያ ማፍሰስ ጀምሯል፤ «ዘንድሮን አያልፍም» ስትዪ የተከራከርኩሽ እኔ ነበርኩ። ልጃችን ቢላ ከተማ ተመድባ ታስተምራለች፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ትመጣለች፣ ካልሆነም ትደውላለች። ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ለጎዳና አዳሪዎቹ ትጥጂው የነበረው የቅዳሜው ድስት ከቆመ ቆየ። አንቺ ካለፍሽ በኋላ ሴቶቹ ሁለት ወር ያህል ገፉበት፤ ከዚያ አንዷ ታመመች፣ አንዷ የተፈናቀሉ ዘመዶቿን ቤቷ አስገባች፣ የቀሩትም በቆሎው ለገዛ ልጆቻቸው አልበቃ አላቸው። አልፈርድባቸውም። በመናኸሪያው ዙሪያ በረንዳ ላይ የሚያድሩት ግን ቅዳሜ ረፋድ አሁንም በራችን ይመጣሉ። ለጥቂቶቹ ዳቦ እሰጣለሁ፣ ለሌሎቹ ድስቱ መቆሙን እነግራለሁ። እነሱም ያውቁታል፤ እያወቁ ነው የሚመጡት።

የምጽፍልሽ ግን ስለ አዴ ዲንቄ ነው።

ተፈናቅላ የመጣች ሰሞን ታስታውሻለሽ። በተዘጋው ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር የምታድረው። ገንፎውን ስትሰጫት ስለ ምግብ አላወራችሽም፤ የሚበላውን እግዜር ይሰጣል፣ እኔን የሚቀብረኝ ማነው ብላ ነው የጠየቀችሽ። ያን ቀን እህል አልቀመስሽም። በማግስቱ ወደ ሰፈራችን እድር ሄደሽ የእናቴ እህት ናት ብለሽ አስመዘገብሻት። እዚያው በሄድሽበት ኦቦ ገመዳንም፣ ያን እግሩ አልታዘዝ ያለውን የቀድሞ ጫኝ፣ የአጎቴ ልጅ አልሽው።

በሰማሁ ጊዜ ተቆጣሁ። ዕድሜ ልኩን «እውነት ተናገሩ» እያለ ባስተማረ ሰው ቤት የሐሰት ዘመድ ተመዘገበ ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኩሽ። አንቺ ሳቅሽብኝ። «አክስት ማለት ስትሞት የሚያለቅሱላት ሴት ናት» አልሽኝ።

ከሐዘንሽ ከተነሣን በኋላ፣ መዝገቡ በአንቺ ስም ስለነበረ ወደ እኔ ሊያዛውሩት የእድሩ ሊቀመንበር አዴ ጫልቱና ጸሐፊው ቤት መጡ። ጸሐፊው የቤተሰቡን ስም አንድ በአንድ አነበበ፣ እኔም አዎ፣ አዎ እያልኩ ሄድኩ። አክስት፣ ዲንቄ ብሎ አነበበ። ብዕሩ ወደሚቀጥለው መስመር ወርዶ ነበር፤ መልሴን እንኳ አልጠበቀም። እኔ አስቆምኩት። ሴትዮዋ ዘመዳችን አለመሆኗን፣ ገመዳም አለመሆኑን አስረዳሁ። አስረጅነቴን መቼም ታውቂዋለሽ። ባለቤቴ በደግነት ያደረገችው ነው፣ ቢሆንም ስህተት ስህተት ነውና ይታረም አልኩ። የተማሪ ፈተና የማርም ነበር የመሰለኝ። ፈረምኩም።

አዴ ጫልቱ ሻይዋን ሳትጨርስ አስቀመጠች። «ቲቸር፣ እኛኮ ዝምድናዋን አልጠየቅንዎትም» አለችኝ።

ያኔ አልገባኝም። የገባኝ በጠቅላላ ስብሰባው ነው። ነገሩ አንዴ በአፍ ስለወጣ አንዱ ተነሥቶ የሁሉም ቤት ዘመድ ይጣራ አለ። ለካ እንዳንቺ ያደረገ ብዙ ነው። የአንዱ አጎት ከቤተ ክርስቲያኑ በር የማይጠፋው ዓይነ ስውር፣ የሌላዋ አማት ከመንገድ ያነሣቻት አሮጊት ኖረዋል። ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር፣ ሰፈሩ በሙሉ ዝም ብሎ ነበር። ሁሉንም ሰረዟቸው። ጎረቤቶቻችን ሰላምታ አልከለከሉኝም፤ አጠገቤ መቀመጥ ግን ትተዋል።

አዴ ዲንቄ በነሐሴ ሞተች። ጠዋት አትክልት የምትሸጠው ልጅ መጥታ ነገረችኝ። በዝናቡ ወደ አዴ ጫልቱ ሮጥኩ። ድንኳኑ ይቅር፣ ቃሬዛውንና ሰዉን ስጡኝ፣ አክስታችን ናት አልኳት። መዝገቡን ከፍታ ፊርማዬን አሳየችኝ። እያለቀሰች ነው ያሳየችኝ። ለአንዷ ከከፈትኩ ለተሰረዙት ሁሉ ልከፍት ነው፣ አባላቱ ደግሞ አይፈቅዱልኝም አለች። ደንቡን ያስከበርኩት እኔ ነኝ።

የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች በላስቲክ ጠቅልለው በመኪና ወሰዷት። የተከተልናት እኔ፣ አትክልት ሻጯና በምርኩዙ የሚጎተተው ገመዳ ብቻ ነን። ጡሩምባ አልተነፋላትም፣ አንድም ሰው ድምፁን አውጥቶ አላለቀሰላትም። አንቺ ያልሽኝ ትዝ ብሎኝ እኔ እንኳ ላልቅስላት ብዬ ሞከርኩ፤ እንባዬ አልመጣም። ቤት ገብቼ በሩን ስዘጋ ነው የመጣው፤ ለእሷ ይሁን ለአንቺ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ገመዳን ለማስመዝገብ ያላንኳኳሁት በር የለም። ወንድሜ ነው አልኩ፤ ወንድሞቼን በሙሉ ያውቋቸዋል። የሌላ ሰፈር እድሮችም በደጅ የሚያድር ሰው አንቀበልም አሉ። አንዴ እውነት ተናግሬ፣ አሁን ውሸቴን የሚቀበለኝ አጣሁ። ለብቻዬ እንዳልቀብረው ጉልበቴ አልቋል፤ ከእሱ ቀድሜ ብሞትም አይገርመኝም። ይሻሻላል ብዬ ልጽፍልሽ ፈልጌ ነበር፤ አይመስለኝም። ለአንቺ ደግሞ መዋሸት አልለመድኩም።

ለእሱ ግን ዋሽቻለሁ። የዲንቄን አቀባበር ካየ ወዲህ ዳቦ በወሰድኩለት ቁጥር ገና ሳይቀበለኝ «ማቃን ኮ ጂራ?» ይለኛል፤ ስሜ መዝገቡ ላይ አለ ወይ ማለቱ ነው። «ጂራ» እለዋለሁ። አለ። ፊቱ ይፈታና መብላት ይጀምራል።

ለሊሴዬ፣ በሕይወት እስካለሁ አልረሳሽም፤ ልርሳሽ ብልም ገመዳ አይተወኝም። ዳቦውን ሲጨርስ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ የሚቀብረውን ወገን የሰጠሽው አንቺ ነሽና እግዜር አፈሩን እንዲያቀልልሽ ስምሽን እየጠራ ይመርቅሻል። እኔም አጠገቡ ቆሜ አሜን እላለሁ።

ባልሽ