ከማሳዬ አገኘሁት ያልኩት ብረት

ሰኞ
ዋሸሁ። ትንሽ ውሸት ናት፤ ግን ዋሸሁ። የሟች አባቴን ቤት ሳር ስቀይር ከጣሪያው ውስጥ የወታደር ብረት አገኘሁ፦ ክንድ የሚያህል፣ ቀጭን፣ ጫፉ የሾለ፣ እጀታው እንጨት፣ ቁጥር የተቀረጸበት። ለማታ ትምህርት ጓደኞቼ ግን «ከማሳዬ፣ ከማረሻዬ ጋር ታግሎ ወጣ» አልኳቸው። ከጣሪያ ወጣ ቢሉት ማን ይሰማል? አንዱ የጥብስ ብረት ነው አለ፤ ሌላው የጠመንጃ መወልወያ። እኔ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ከክፍሉ አምስት አኃዝ ሳይደናቀፍ የሚያነብ እኔ ብቻ ነኝ።

ማክሰኞ
አያ ንጉሤ ዘንድ ወሰድኩት። ድሮ ወታደር ነበሩ፤ ፈንጂ አምካኝ። ገና ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። በደረታቸው ተኝተው፣ ብረቱን አጋድመው መሬቱን በቀስታ ወጋ ወጋ እያደረጉ አሳዩኝ። ፈንጂ መፈለጊያ ነው!
«የት አገኘኸው?»
ምላሴ ቀደመኝ። «ከማሳዬ።»
«እንግዲያው ፈንጂም አይጠፋም፤ ማንም እዚያ እንዳያርስ።»
«በየዓመቱ እናርሰው የለም እንዴ?»
«ፈንጂን ጎርፍ ከላይ ያመጣዋል።»

ረቡዕ
ቀበሌው ሰማ። የእኔም፣ የጎረቤቴ የእትዬ ዝማምም ማሳ ታገደ። እትዬ ዝማም ባላቸው ሞቶባቸዋል፤ በሬ የለመኑት ለዛሬ ነበር። ዝናቡ ጥሏል። ጤፉ አሁን ካልተዘራ አለቀ።
ባለቤቴ ብርቄ እውነቱን ታውቃለች። «ሂድና ተናገር፤ አለዚያ እኔ እናገራለሁ» አለችኝ።

ሐሙስ
ከበዓል ቅዳሴ በኋላ በሰው ፊት እውነቱን ተናገርኩ። ማን ይመነኝ!
«ትናንት ከማሳ፣ ዛሬ ከጣሪያ፤ ነገ ደግሞ ከሰማይ ወረደ ትለናለህ!» አለ አንዱ።
ሁሉም ሳቀ። አያ ንጉሤ ግን አልሳቁም። «እሺ፣ ከጣሪያ ይሁን። አባትህ ከየት አመጣው?»
ይህን አላሰብኩም። አባቴ ወታደር አልነበረም። አርሶ ያሳደገኝ ይኸንኑ ማሳ ነው። ከዚያው አግኝቶት ቢሆንስ? እኔም ማሳውን ፈራሁት።

ዓርብ
እናቴ ኒሯቅ ከተማ፣ እህቴ ዘንድ ናት። ኔትወርክ ፍለጋ ከአያ ንጉሤ ጋር ጉብታው ላይ ወጣን። በአራተኛው ጥሪ እናቴ አነሳች።
«ያ አባትህ የቆዳ ጠፍር የሚበሳበት? ከዚሁ ከኒሯቅ ገበያ፣ ከአንድ ወታደር በማር ለውጦት ነው። አብሬው ነበርኩ እኮ!»
«ማሳችሁ ላይስ የወታደር ብረት አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አሉ አያ ንጉሤ።
«ኧረ በጭራሽ!»
ለቀበሌው እሳቸው አስረዱ፤ ተፈቀደ። በሬዎቹም ተገኙ። እትዬ ዝማም ግን እርፉን ለእኔ ሰጡኝ። «የኔን ማሳ አንተ ቅደምበት።»
ያዝኩ። ማረሻው ድንጋይ በነካ ቁጥር በሬዎቹን አቁሜ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። አንድ ትልም። ሁለት። ሦስት። ብርቄ ከዳር ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ሰባተኛው ላይ እትዬ ዝማም ጮሁ፦
«ምነው አንተ፣ ዛሬ ወሬ የለም?»
 በሬዎቹን መለስኩና ስምንተኛውን ጀመርኩ።