ግማሽ ጢምና የእትዬ ፓምፕ

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ውሃችን ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ትናንት ጢሜን ተላጭቼ ሳልጨርስ ስለተቋረጠ ቦሌ ሚካኤልን በግማሽ ጢም እየዞርኩ ነው። በአራዳ ላይ ከዚህ የከፋ ግፍ አለ?

ትናንት ማታ አገር ቤት ላለችው ታላቅ እህቴ ለእትዬ ዘነቡ ደውዬ ተማረርኩ። ሳቀችብኝ።

«የኛ የእጅ ፓምፕ እኮ ከቆመ ዓመት አለፈው። ልጄ ብርቄ ወንዝ ስትመላለስ ትምህርቷን ተወች።»

«እትዬ! ፓምፕ ጠጋኝ ወንድም እያለሽ?»

«አንተማ የቦሌን ፎቅ ፓምፕ እንጂ የኛን ትነካለህ ብዬ መች አሰብኩ!»

ቀልዷ ነው፤ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ውሃ እስከ አሥረኛ ፎቅ ስገፋ፣ የተወለድኩበት መንደር ሜዳ ላይ ደርቋል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በዘይት በጨቀየ እጄ፣ ከፓምፕ ካርቶን ላይ ነው። ብርቄ ግን ተመልሳ ክፍል ውስጥ ትማራለች።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ከላምበረት መናኸሪያ እሳፈራለሁ። የፓምፕ ማሸጊያ ጎማውንም መፍቻውንም ሸክፌአለሁ። ፎቆቹ ትንሽ ይጠሙ።

በሩ እየተንኳኳ ነው። የእትዬ ድምፅ! ዛሬ ሌሊት ተነስታ መጣች ማለት ነው።

«ክፈት እንጂ፣ አንተ ባለግማሽ ጢም! የፓምፑን ብረት አስነቅዬ መጥቻለሁ፤ ትከሻዬን ገደለኝ!»