«ግልጽ ነው» የሚል መጽሐፍ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11 ቀን 2005

ጠዋት ከሳንጃ አሥራ አራት ጆንያ ሰሊጥ ገባ። አንዱ እርጥብ፤ መለስኩት። ለልጄ ለሐያት ያዘዝኩት መጽሐፍም ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ደረሰ። እሱም ተመላሽ ነው። ሐያት ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው አልጀብራዊ ጂኦሜትሪ ነው፤ እኩልታ የሚስለውን ቅርጽ የሚመረምር አንድ ትምህርት። የመጣው ግን ሁለት የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ፤ አንዱ አልጀብራ፣ አንዱ ጂኦሜትሪ!

ደወልኩ። ሻጩ ምንም አላፈረም። «ያው ነው ጋሼ፤ ሁለቱን አብራ ካነበበች እሱ ይሆናል።»

«ሰሊጥና ባዶ ጠርሙስ ብልክልህ ዘይት ደረሰኝ ትላለህ?» ብዬ ዘጋሁት።

ሐያት ሳቀች፤ ከዚያ ቀን መቁጠር ጀመረች። እስከ ሰኞ የምትመራበትን መጽሐፍ መርጣ ካላሳየች መምህሯ የመመረቂያ ርዕሷን ይነጥቃታል።

ረቡዕ

መምህሩ ራሱ የሰጣት ወፍራም መጽሐፍ አለ። «ከከበደሽ ሌላ ርዕስ ፈልጊ» ብሏታል። ዋና የማይችለውን በክረምት ቀሐ ወንዝ ገፍትሮ «ከሰጠምክ ሌላ ወንዝ ፈልግ» እንደማለት!

ከኢንተርኔት አውርዳ ያተመቻቸው ሁለት ሌሎች አሉ። በምን ትመርጫለሽ አልኳት።

«ሰው ሁሉ የሚያደንቀውን ነዋ፣ አባ።»

ይሄም አናደደኝ። ሰሊጥ በአድናቆት አይገዛም። የጆንያ አፉ ሁሌም ሸጋ ነው፤ መሃሉን ወግቶ ናሙና ማውጣት ነው። የምታውቂውን አንድ ነገር ያዢና ሦስቱም መሃላቸው ላይ እንዴት እንደሚያስረዱት እዪ አልኳት።

ሐሙስ

የያዘችው ይሄን ነው፦ ክብና መስመር ወረቀት ላይ ባይነካኩም ሁለት ቦታ ይገናኛሉ።

«የት?»

«በማይታዩት ቁጥሮች፤ ምናባዊ በሚባሉት።»

ይሁን፤ ለእኔም የማይታይ ሰሊጥ የሸጠልኝ አለ።

ወፍራሙ ለዚህ ያለው ሁለት ቃል፦ «ግልጽ ነው።» የጆንያውን አፍ ሳይፈታ ግልጽ ነው የሚለኝን ሰው ከበር ነው የምመልሰው! ሁለተኛውም ያንኑ ይላል፣ በብዙ ቃል። ሦስተኛው አንድ ሌላ መምህር ለተማሪዎቹ ያዘጋጀው ስስ ጽሑፍ ነው። አስቀድሞ ምን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ይስላል፣ ምሳሌ ይሠራል፣ ከዚያ መልመጃ ይሰጣል። ሐያት ከምሳ በፊት ሁለቱን መልመጃ ሠራች። ሦስተኛው መልመጃ ያዛት። መያዙ ራሱ ደስ አሰኛት።

ዓርብ

ከጁምዓ ስመለስ የሐያት ፊት ጠቁሯል። መምህሯ ስሱን አይቶ «ይሄ የሰነፍ ነው» አላት። ስንት ገጽ ገለጠ? ሽፋኑን ብቻ! ልሄድበት ተነሣሁ፤ እጄን ያዘችኝ።

«ተው አባ። ሰኞ ሦስተኛውን መልመጃ ሰሌዳ ላይ እሠራለታለሁ ብዬዋለሁ።»

«ሠርተሽዋል?»

«ገና።»

ወፍራሙን አልጣለችውም፤ ስትጠነክር ትመለስበታለች።

ነገ፦ የዘጠነኛ ክፍሎቹን ለአውቶቡስ መስጠት። ስሱን ፒያሳ ወስዶ ፎቶ ኮፒ ማስነሣት። ኮፒውንም መሃሉን ገልጬ ሳላይ አልረከብም።