ከስብሰባ ስለጠራኋቸው አዋላጅ

እሑድ፣ የካቲት 21 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተከበሩ የጤና ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የእርስዎና የመላው ቤተሰብዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል? ጤና ጣቢያችን ድረስ የሚያደርስ ሕመም እንዳያገኝዎ ዘወትር እጸልያለሁ። ለባለሥልጣን ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴንም ከስምንተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ አጻጻፌ ላይ ጉድለት ቢያገኙ ይቅር ይበሉኝ። በዚህ ጉዳይ እኔም ጥፋተኛ መሆኔን አልደብቅዎትም።

የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው።

1ኛ. ኅዳር ላይ እናቴ ምጥ ይዟት ጤና ጣቢያ ስትደርስ አዋላጇ ሲስተር እስከዳር በቀበሌው አዳራሽ የፓርቲ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል በር ላይ ቆሜ በዓይኔ ብቻ ለመንኳቸው፤ ገባቸውና ወጡ። እናቴም ታናሽ ወንድሜም በሕይወት አሉ። በቀጣዩ ግምገማ ግን ሲስተር እስከዳር ስብሰባ ረግጠው መውጣታቸውና ለፓርቲው ያላቸው አመለካከት የወረደ መሆኑ ተነበበባቸው፤ እርስዎም በፊርማዎ መኪና ወደማይገባበት ቆላ አዛወሯቸው። ከሩቅ አገር መጥቶ አራት ዓመት ሙሉ ልጆቻችንን ለተቀበለ ሰው የፓርቲ አመለካከት እንደሚያስፈልገው አናውቅም ነበርና ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

2ኛ. በቦታቸው የተተኩት አዋላጅ ትምህርቱን በደንብ ይዘውታል። ጥር 27 ቀን እህቴ ይርጋነሽ ጤና ጣቢያው ውስጥ ምጥ ላይ ሳለች ደም ሲበዛባት ሮጬ እዚያው አዳራሽ በር ላይ ቆምኩ። ስብሰባው ስለ ምርጫው ነበር። አዋላጇ አዩኝ፤ አይተውኝም ወደ ደብተራቸው አቀረቀሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ቆላውን ፈርተው ነው። ጥበቃው ጋሽ ባዘዘው፣ "ያቺን ደግ ሴት ያስቀጣሻት አንቺ አይደለሽ? አሁን ደግሞ ይችኛዋን ልታስቀጪ ነው? ሲያልቅ ይወጣሉ፤ ቁጭ በይ ልጄ" አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ጭብጨባ በተሰማ ቁጥር የመጨረሻው ነው እያልኩ ጠበቅሁ። ሲያልቅ አዋላጇ መጥተው እህቴን አዋለዷት፤ ደሟ ግን አልቆመም። ለምን ገብቼ እንዳልጮህኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

3ኛ. አምቡላንሱ ባነር ሊያመጣ ቢቸና ሄዶ ነበር። ባነሩ በሰላም ደርሷል፤ አዳራሹ ላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ፤ ያምራል። እህቴን ጤፍ በጫነ አይሱዙ ወደ ሞጣ ሆስፒታል ስንወስዳት፣ እጇ እጄ ውስጥ እንዳለ፣ መንገድ ላይ አረፈች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ልጇ ሴት ናት። እናቴ ከወንድሜ ጋር እያጋራች ታጠባታለች።

ስብሰባዎችዎ ሁሉ ያለማቋረጥ እንዲካሄዱ የምትመኝልዎ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ብሩክታይት አምላኩ

ማሳሰቢያ፦ የሲስተር እስከዳር ቅሬታ ነገ ጠዋት ሞጣ ላይ ይታያል። ማንም ሳይጠራቸው በገዛ ፈቃዳቸው ስብሰባውን ጥለው እንደወጡ መጻፉን ሰምቻለሁ። በመጀመሪያው መኪና ሄጄ የጠራኋቸው እኔ መሆኔን፣ እናቴና ወንድሜም በዚያ ምክንያት መትረፋቸውን በአፌ እናገራለሁ። እርስዎም እንደሚገኙ ተነግሮኛል። ድምፄ ትንሽ ስለሆነ እባክዎ ከፊት ይቀመጡ።