«እኛ» ብለው ለጻፉልን ተመራማሪ

ለተከበሩ ዶክተር
የሥራ ባህል ጥናት ክፍል ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የእንፋሎት ቱቦው እጅዎ ላይ ያደረሰው ቃጠሎ ጠባሳ ሳይተው እንደዳነ ተስፋ አደርጋለሁ። በመጽሐፍዎ አራት ቦታ ስላነበብኩት እንደራሴ ቁስል አስበዋለሁ። እኔ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ከማጠፊያው ጠረጴዛ በስተቀኝ የምቆመው ሠራተኛ ነኝ፤ በመጽሐፍዎ «አንድ ዝምተኛ ባልደረባ» ተብያለሁ። ዝምተኛ ብሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር።

መጽሐፍዎ በተመረቀ ዕለት ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እንደተማርኩት፣ ስለ ሰዎች ሥራ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን በሦስት ነገር ያሳምናል፤ በራሱ ታማኝነት፣ በአንባቢው ስሜትና በማስረጃ። ትምህርቱ በሚገባ ስለገባኝ ምስጋናዬንም በዚያው ቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ. «እኛ» ስላሉን አመሰግናለሁ። «ወገባችን»፣ «ላባችን»፣ «እኛ የእንፋሎት ሰዎች» እያሉ ሲጽፉ፣ የመጡት ለአሥራ አንድ ቀን፣ ያውም ጠዋት ጠዋት ብቻ እንደነበር ትዝ የሚለው አንባቢ አይኖርም። እኛም አምነንዎታል። ስላመንንዎትም ነው የእትዬ መስመር ዓይን እየደከመ መሆኑን የነገርኩዎት። እትዬ መስመር ያልናት እሷ ያጠፈችው አንሶላ ጠርዙ በማስመሪያ የተሰመረ ስለሚመስል ነው። አንሶላው የየትኛው ክፍል እንደሆነ የሚያመለክተው ጥጉ ላይ የተሰፋው ባለ ቀለም ክር ነው፤ እሱ ስለማይታያት እኔ ጠረጴዛውን በጣቴ እመታላታለሁ፤ አንዴ ለወላዶች፣ ሁለቴ ለቀዶ ሕክምና፣ ሦስቴ ለሕጻናት። እኔ ስሳሳት እንኳ ጨርቁን በመዳፏ ዳስሳ ታርመኝ ነበር። አራት ዓመት እንዲህ ሠርተናል። ይህን የነገርኩዎት እህት ለእህት እንደሚጫወተው ነበር፤ ካፍ የወጣ አፋፍ ሆነና ምዕራፍ አምስት ላይ አገኘሁት።

2ኛ. እትዬ መስመርን «የጨለማዋ እናት» ብለው ስሟን ስለደበቁላት እናመሰግናለን። ስሟን ቀይረው የምትቆምበትን መስኮትና የጎደለውን የግራ አውራ ጣቷን ግን እንዳለ ስለተዉት፣ አለቃችን ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ለማወቅ የፈጀባቸው አንድ የሻይ ዕረፍት ነው። በምርቃቱ ዕለት ያ ገጽ ሲነበብ አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ፤ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ሳይቀሩ መሐረብ አወጡ። በሳምንቱ መሐረብ ያወጣው ያው እጅ እትዬ መስመርን ከሥራ የሚያግድ ደብዳቤ ፈረመ። ጡረታዋ ሊደርስ ሁለት ዓመት ቀርቷት ነበር። ጥፋቷ «የየክፍሉን ልብስ ሊያምታታ በሚችል ሁኔታ መሥራት» ሲሆን፣ የተጠቀሰው ማስረጃ የእርስዎ መጽሐፍ፣ ገጽ ዘጠና አንድ ነው። አሁን ብቻዬን ሳጥፍ እጄ ከልምዱ የተነሳ ጠረጴዛውን ይመታል፤ ምስጢሯን ያወጣሁት እኔ ነኝና አፍራለሁ።

3ኛ. እዚህ ላይ ምስጋናዬ ያጥረኛል። በዘጠነኛው ቀን ደብተር ይዘው የሰባታችንንም ስህተት ቆጥረው ነበር። እኔ ስድስት፣ እትዬ መስመር አንድ። ከሁላችን ያነሰው የእሷ እንደሆነ ሰንጠረዡን ራስዎ አሳይተውኛል። ያ ሰንጠረዥ ግን መጽሐፉ ውስጥ የለም። በስልክ ስጠይቅዎ ቁጥር የታሪኩን ስሜት እንደሚያቀዘቅዝ በትሕትና አስረዱኝ። እውነትዎን ነው፤ የማትሳሳት ሴት ማንንም አታስለቅስም።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው የሚሰበሰበው የፊታችን ሐሙስ ነው። ያቺን አንዲት የደብተር ገጽ ይዘው እንዲቀርቡልን ብንለምንዎ፣ «ተመራማሪ ታዛቢ እንጂ የማንም ወገን ሊሆን አይችልም፤ እናንተም ይህን እንደምትረዱ አምናለሁ» የሚል ማኅተም ያረፈበት መልስ በሁለት ቀን ውስጥ ደረሰን። ስለ ቅልጥፍናዎ ምስጋናችን የላቀ ነው፤ ከሁለት መቶ ገጽ «እኛ» በኋላ «እናንተ» የተባልነው ያን ጊዜ ነው። መምጣቱ ካልተመቸዎት ገጿን በፖስታ ይላኩልን። ይህቺን እንኳ የምጽፈው ያለ ምንም ሽሙጥ ነው፤ እባክዎ ይላኩልን።

ለሚቀጥለው ጥናትዎ መልካሙን ሁሉ፣ ለሚቀጥሉት ተጠኚዎችዎ ደግሞ ትዕግሥቱን እየተመኘሁ፣ ከጠረጴዛው በስተቀኝ ቆሜ እጅ እነሳለሁ።

ምዕራፍ አምስትን ሳታውቀው አብራዎ የጻፈች
«ዝምተኛዋ ባልደረባ»

ማስታወሻ፦ ትናንት እትዬ መስመር ቤት ሄጄ ምዕራፉን አነበብኩላት፤ ራሷ ልታነበው እንደማትችል መቼም ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ምዕራፉ ውስጥ ስታለቅስ አለች፣ መስኮቱ ሥር ቆማ ስትተክዝ አለች። እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ፣ «ሴትዮዋስ ታሳዝናለች፤ አንሶላ የምታጥፈው ግን የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። አሥራ አራቱንም ገጽ ደግሜ ፈለግሁ። እርስዎ ካገኙት ቁጥሩን ይላኩልኝ፤ መልስ እየጠበቀች ነው።