ባና የለበሰው መሠረት

ኅዳር 24
ብርድ። የባጃጁ ሹፌር ጓንት አድርጎ ነው የሚነዳው። ነገ የትልቁ ማሽን መሠረት ይሞላል፤ ሁለት ሜትር ውፍረት። በመሐንዲስነቴ የመጀመሪያዬ! ሥራ አስኪያጁ ቁርጡን ነግሮኛል። ከተሰነጠቀ ይፈርሳል፣ እኔም ከሳይት ወጥቼ ቢሮ ወረቀት ሳገላብጥ እውላለሁ።

ለፎርማናችን ለጋሽ ወርቅአገኘሁ ብርድ ልብስ እንደሚያስፈልገን ነገርኳቸው። ለሠራተኛው መስሏቸው መረቁኝ። ለአርማታው ነው አልኳቸው... ሠላሳ ዓመት አርማታ ሲሞሉ አንዱም በረደኝ ብሏቸው አያውቅም።

ኅዳር 25
ማልደን ጀምረን ከሰዓት ጨረስን። ላዩን በላስቲክ፣ ከዚያ በአርባ ብርድ ልብስ ሸፈንነው። አንድ ጥግ አልደረሰም። ምን ላድርግ? ቤት ሮጬ እናቴ ከአንኮበር የላከችልኝን የሱፍ ባና አመጣሁ።

"ጥሎሽ ነው?" አሉኝ ጋሽ ወርቅአገኘሁ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀብኝ።

ኅዳር 26
ውስጡ 54 ዲግሪ፣ ላዩ 40። እኔ ያለ ባና ስንት እንደሆንኩ አልለካሁም።

ኅዳር 27
ጠዋት ስደርስ ግማሹ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጋሽ ወርቅአገኘሁ የውሃ ጎማውን ይዘው አርማታው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያርከፈክፋሉ! እጃቸውን ከልብሱ ስር ሲሰዱ አርማታው ግሎ አገኙት። "ትኩሳት ያለበት ይሸፈናል እንዴ?" አሉኝ።

ለካሁ... ውስጡ 62፣ ላዩ 39። ልዩነቱ ከሃያ ማለፍ አልነበረበትም። አለቀልኝ አልኩ።

ጮህኩባቸው። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ላይ! መጋሉ አይደለም ችግሩ፤ ውስጡ ግሎ እየተነፋ ላዩ ከበረደ ይኮማተራል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል፣ አልኳቸው። ብርድ ልብሱን ራሳቸው ተሸክመው መለሱት።

ኅዳር 28
ልዩነቱ 17። ጋሽ ወርቅአገኘሁ አኩርፈዋል። ቁጥሩን ግን በጥበቃው በኩል ሦስት ጊዜ አስጠየቁኝ።

ታኅሣሥ 6
ገለጥነው። በጉልበታችን እየዳኽን ፈለግን። አንዲት ስንጥቅ፣ ፀጉር የምታክል፣ ውሃው የፈሰሰበት ጋ። ተቆጣጣሪው ለካት። ከላይ ብቻ ናት፣ ትደፈናለች፣ መሠረቱ ይቆማል አለ። እፎይ!

ጋሽ ወርቅአገኘሁ ጣታቸውን አሳርፈውባት ቆዩ። "ይቺ የእኔ ናት" አሉ ቀስ ብለው። ንዴቴ ወዴት እንደሄደ እንጃ።

ታኅሣሥ 14
ሁለተኛው መሠረት ዛሬ ተሞላ። ልብሱን ገለጥ አድርጌ ልመለከት ስል ጋሽ ወርቅአገኘሁ እጄን ያዙኝ። ብርድ ታስገቢበታለሽ ብለው ተቆጡ። እሳቸው! እኔን!

ብርድ ልብሱ ዛሬም አንድ ጥግ አልደረሰም ነበር። ባናዬን ላመጣ ስነሳ ጥጉ ተሸፍኗል። ግራጫ ባና፣ ሁለት ቦታ የተጣፈ። የኔ አይደለም። ጋሽ ወርቅአገኘሁ ወዲያ ዞረው ቆመዋል።

"ጥሎሽ ነው?" አልኳቸው።

"ዝም ብለሽ ሙቀትሽን ለኪ" አሉኝ።