ሊማሊሞ ላይ ያልተገፋችው ጉሬዛ

ጎንደር፣ ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

የጠዋት ቆጠራ፦ ከድብ ባሕር የመጣ ነጭ ጤፍ ሠላሳ ስምንት ጆንያ። ማሽላ አሥራ ሁለት፤ አንዱ ጆንያ ከሥሩ ተቀዷል፣ ይሰፋል። ማኪናችን ጉሬዛ በር ላይ ናት፤ ባትሪዋም በቦታው ነው።

ይድረስ ለቤቴ ጌታ ለአለባቸው፤

እንደምን ሰነበትክ አልልህም፤ ካለህበት መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ከተለየኸኝ አሥራ አንድ ወር ሊሞላ ነው። እስካሁን በዚህ ደብተር ላይ የጻፍኩት የገባና የወጣ እህል ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ቆጠራውን ጨርሼ ብዕሩን ላስቀምጥ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ይህን ወሬ አንተ ሳትሰማው ገበያው እንዲጠግበው አልፈለግሁም። ከእኔ ስማው፤ ጉሬዛ አልተሸጠችም።

ቤታችን ደህና ነው። የጓዳውን ጣራ ቆርቆሮ አልብሼዋለሁ፤ በክረምቱ አንድ ጠብታ አልገባም። አልጋው ላይ አሁን የምተኛው በአንተ ወገን ነው፤ ለበሩ ይቀርባል፣ የሚያንኳኳ ሲመጣ ቶሎ እነሣለሁ። ለሰው የምናገረው ይህን ነው። ሌላውን ምክንያት አንተ ታውቀዋለህ።

የአርባህ ድንኳን ሳይነቀል ወንድምህ አያ ደሴ ሽማግሌ ይዞ መጣ። አልተቀየምኩትም። ማኪናዋን አብራችሁ ስለ ገዛችኋት ግማሿ የእሱ ናት፣ እሱም ስትገፋ እንጂ ስትሠራ አላያትም። አሮጌ ብረት የሚገዛ ሰው አግኝቶ ነበር። «ለሞተ በሬ ቀንድ ትስያለሽ፣ የሺ። ሥጋው ሳይሸት እንሽጠው እንጂ» አለኝ በሽማግሎቹ ፊት። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ አስቂኝ ነበር። ከዚያ ጊዜ ስጡኝ አልኳቸው። ተመካክረው እስከ ኅዳር ሚካኤል ሰጡኝ፦ ጉሬዛ የሰው እጅ ሳይገፋት ድብ ባሕር ደርሳ ጭና ከተመለሰች አትሸጥም፤ አንድ ጊዜ እንኳ ከተገፋች ግን ለብረት ገዢው ትሄዳለች።

የተወሰነብኝ ከባድ ነበር። ያቺን ማኪና ሳይገፋት የነዳት ማን አለ? ይህን ቤት ልንከራይ ስንመጣ ጣራውንም ግድግዳውንም ሳታይ መጀመሪያ ያየኸው ከበሩ ፊት ያለውን ቁልቁለት ነበር። «ሸጋ ቤት ነው» አልክ፤ እኔ ደግሞ ኩሽና የለውም ብዬ ተናደድኩ። ማታ ማታ ቁልቁለቱ ላይ አቁመሃት ያን ጥቁር ድንጋይ ከጎማዋ ሥር ትወሽቅ ነበር። ጠዋት ድንጋዩ ሲነሣ ተንከባልላ ትነሣለች። ካልተነሣች ክላክሱን ትነፋለህ፤ ጎረቤቱ እጅጌውን ሰብስቦ ይወጣል፣ ገፍቶ ሲጨርስ ጠላውን ይጠጣል። የእህትህ ልጅ ክርስትና ቀን እኔ ራሴ በነጭ ቀሚሴ ገፍቻታለሁ፤ የእጄ ምልክት የኋላ መዝጊያዋ አቧራ ላይ ሳምንት ሙሉ ታትሞ ሲቆይ እንዳይጠፋ ብለህ አላጠብካትም።

አንተና ጉሬዛ ሊማሊሞ ያደራችሁበትን ቀንም አልረሳሁም። ዳገቱ መካከል መብራቷ ቀልቶ ቀልቶ ጠፋ፣ ሞተሯ በጉሙ ውስጥ ቆመ። ሌላ ማኪና እንዳይገጫት ፋኖስ ይዘህ ከኋላዋ ቆመህ አደርክ። በሦስተኛው ቀን ስትመጣ ታስል ነበር። ሳልህ ከዚያ መጣ ብዬ አልምልም። ከዚያ በፊት ግን አልነበረም።

ከሽማግሎቹ ውሳኔ በኋላ ሾፌራችን ፈንታ አጠገብ ጋቢና ውስጥ መቀመጥ ጀመርኩ። አንተ ሳለህ ረዳት የነበረው ያው ፈንታ ነው፤ አሁን መሪውን ይዟል፣ ጢምም አብቅሏል። እሱ መንገዱን ሲያይ እኔ መሪው ሥር ያለችውን የኤሌክትሪኩን መርፌ አይ ነበር። ሜዳ ላይ ስንሮጥ መርፌዋ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ ባትሪው ይሞላል። ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ ስናዘግም ወደ ግራ ትወድቃለች። ባትሪውን የምትሞላው ዲናሞዋ የምትሰጠው ሞተሩ ሲሮጥ ብቻ ነው፤ መብራቱ ግን በጉምም በዳገትም ይበላል። እንዲህ ያለ ነጋዴ ብታይ ምን ትለው ነበር? ገቢው በደጉ ቀን ብቻ፣ ወጪው ግን በየቀኑ። ይከስራል።

አውቶ ፓርኮ ሰፈር ያለውን መካኒክ በርሄን ጠየቅሁት። አሥመራ የተማረ ነው፤ ሲያወራ አይጨርስም፣ ግን የሚለውን ያውቃል። «ኦልተርኔተር የሚባል መጥቷል፣ እመቤቴ» አለኝ። «ሞተሩ ቀስ ብሎ ቢዞርም ይሰጣል። አጭርና ወፍራም ነው፣ ፊቱ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። ዲናሞ ግን ረጅም ነው፣ እንደ ጣሳ።» አጭርና ወፍራም፣ ፊቱ የተበሳሳ። ያን ይዤ ወጣሁ።

ሞተሩ የተቃጠለበት አንድ አዲስ አውቶቡስ ገበያው ጀርባ ቆሞ እንደ ነበር ሰምቼ ነበርና ባለቤቱን ፈልጌ አገኘሁት። ኮፈኑን ከፍቶ «ዲናሞው ያውልሽ፤ ምነው አሮጌ ዲናሞ ትፈልጊያለሽ፣ አዲስ አይሻልሽም?» አለኝ። አየሁት፤ አጭርና ወፍራም ነው፣ ፊቱም የተበሳሳ። እሱ «ዲናሞ» ብሎ ጠራው፣ እኔም አላረምኩትም። በሁለት ማሰሮ የአርማጭሆ ማር ለወጥኩት። ሲቀምሰው ፊቱ እንዴት እንደ በራ ብታይ፣ የተጎዳ ሰው አይመስልም ነበር።

በርሄ ሲገጥመው ቆሜ አየሁ። መያዣ ብረቱ አልገጠመም፣ ቆርጦ በየደው። ማዞሪያ ቀበቶው፣ ቺንጋው፣ ረዘመ፣ አጭር ፈለግን። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነበር፤ ጉሬዛ እንግሊዞች ትተዋት የሄዱት ማኪና ስለሆነች ከአካሏ ጋር የታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነበር፣ ይህ አዲሱ ደግሞ ተቃራኒውን ይፈልጋል። ገልብጦ አሰረው። ማንም እንዳይሳሳት ብዬ ፖዘቲቩ ላይ ቀይ ክር አሰርኩበት። ሲጨርስ በርሄ አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ፦ «ሞተሩ እየሠራ ባትሪ አይነቀልም። ዲናሞ ግድ የለውም፤ ይህ ግን ያኔውኑ ይቃጠላል።»

ለፈንታ ነገርኩት። «እሺ፣ እትዬ» አለ። እሺ ማለት ግን ለእጅ አይደርስም፤ ያንን መንገድ ላይ ነው ያወቅሁት።

ባለፈው ማክሰኞ ሄድን። አያ ደሴ ምስክር ሊሆን ከእኛ ጋር ጋቢና ገባ፤ ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ለቅሶ ቤት የሚሄድ መስሎ። ድብ ባሕር ጭነን ረቡዕ ጠዋት ሊማሊሞን መውጣት ጀመርን። ክረምቱ ከወጣ ቆይቷል፣ የሊማሊሞ ጉም ግን ክረምት አይጠብቅም፤ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የማኪናዋ አፍንጫ ጠፋን። ፈንታ መብራቱን አበራ። እኔ መርፌዋን አየሁ። በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን፣ ጆንያው ከኋላችን ከብዶ፣ መርፌዋ በስተቀኝ ቆማለች። መብራቱም ነጭ ነው። አያ ደሴ መብራቱን አየና ጋቢውን አስተካከለ።

እዚያው አለባቸው፣ አንተ ያደርክባት መታጠፊያ ላይ፣ ፋኖስ አየን።

ጨው የጫነ ማኪና ነበር፤ ባትሪው ሞቶበት ሾፌሩ ከኋላው ፋኖስ ይዞ ቆሟል። ሕጉን ታውቀዋለህ፣ አንተም ስንቴ ፈጽመኸዋል፦ ባትሪ የሞተበት ሰው መንገድ ላይ ሲገኝ፣ የራስን ሞተር ሳያጠፉ ባትሪን ነቅሎ ማዋስ ነው። እሱ አስነሥቶ ይመልሳል። ፈንታ ሰውየውን እንዳየ ምንም ሳያስብ ፍሬን ያዘ፣ ድንጋይ ወሸቀ፣ መፍቻውን አንሥቶ ባትሪው ላይ ጎነበሰ። ሞተራችን እየሠራ ነው። ዘልዬ ወርጄ እጁን መታሁት። መፍቻው ገደል ገባ፣ ስንት ቦታ እየነጠረ እንደ ወረደ ሰማን።

ሰውየው የከለከልኩት መሰለው። «ምነው እትዬ፣ ክርስቲያን አይደለሽም?» አለኝ። ጉሙ ሽበቱ ላይ ጠል ሆኖ ተቀምጧል። ፋኖሱን ወደ ፊቴ ከፍ አደረገ።

ሁለት መንገድ ነበረኝ። ትቼው ብወጣ ጉሬዛ ትድናለች፣ ሽማግሎቹም አይፈርዱብኝም። ሞተሩን አጥፍቼ ባዋሰው ደግሞ፣ ያ በማር የለወጥኩት ብረት እውነት ይሁን ወሬ እዚያው ይለያል። ወደ ፊት ዳገት ነው፣ ወደ ኋላ ገደል ነው፤ ተንከባልሎ መነሣት የለም። ብዙ አላሰብኩም። ሰው ፋኖስ ይዞ እንደ ቆመ ትቼ ብሄድ፣ ማታ አልጋው ላይ በአንተ ወገን አልተኛም ነበር።

«አጥፋው» አልኩት ፈንታን።

አያ ደሴ በመስኮት አንገቱን አወጣ። «ከአጠፋሽው እዚህ የሚገፋሽ ጉም ብቻ ነው፣ የሺ» አለ።

ፈንታ አጠፋው። ዝም ሲል የሊማሊሞን ነፋስ ሰማሁት፤ አንተ ሌሊቱን ሙሉ የሰማኸውን። መፍቻ ከጨው ጫኙ ተዋስን። ባትሪውን ተሸክመው ሄዱ፤ ማኪናው ተነሣ፤ እየሮጡ መልሰው አመጡት። ፈንታ እንደ ልማዱ ገልብጦ ሊያስረው ሲል ቀይ ክሩ ታየው፤ ሳቀና አስተካከለው። ከዚያ ገብቶ መሪው ኋላ ተቀመጠ፣ አማተበ። እኔ ከውጭ ቆሜ ኮፈኗ ላይ እጄን ጫንኩ። ልገፋት አይደለም።

ማስነሻው ሞተሪኖ አንዴ ግርር አለ። ሁለተኛ አልጠየቀም። ጉሬዛ ተነሣች፤ መብራቱም ጉሙን ሰንጥቆ እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ድረስ ነጭ ሆኖ ወጣ። ጨው ጫኙ ክላክሱን ነፋ፣ ፈንታም መለሰለት፤ ሁለቱ ማኪናዎች በዚያ ገደል ላይ ሲጮሁ እኔ ብቻዬን ጉሙ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ጉሙ ሸሸገኝ። ይህን የጻፍኩት ለአንተ ነው፤ ለሌላ ሰው ጠል ነበር ብያለሁ።

ደባርቅ ደረስን። አያ ደሴ ወርዶ በማኪናዋ ዙሪያ አንዴ ዞረ፣ ጎማዋን በእግሩ መታ። «በሬውስ አልሞተም ኖሯል» አለ በመጨረሻ፤ «እኔ ነኝ ቢላዋ ይዤ የቸኮልኩት።» ወንድምህ ሲረታ እንደ ሰው ነው የሚረታው። ኮሶዬ ስንደርስ ሆን ብዬ ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ አስቆምኳት፣ ቁጭ ብለን ሽሮ በላን፤ ምሳውን የከፈለው እሱ ነው። ስንነሣ ቁልፉን ራሱ አዞረው።

ከተማ ስንገባ ፈንታ ደስ ብሎት ክላክሱን ነፋ። ጎረቤቱ እንደ ልማዱ እጅጌውን ሰብስቦ ወጣ። የሚገፋ ነገር ሲያጣ ቆሞ ቀረ። «እንግዲህ የመግፊያ ጠላችን ቀረ ማለት ነው?» አለ አንዱ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያኮርፉኛል። ሽማግሎቹ ትናንት ተቀምጠው ጨርሰዋል፤ ጉሬዛ የሁለታችን ሆና ትሠራለች፣ ጨው ጫኙ ተናግሮልን የጨው ጭነትም አግኝተናል።

ድንጋይህ በቦታው አለ። ፈንታ አያስፈልግም እያለ ማታ ማታ አሁንም ይወሽቀዋል፤ አልከለከልኩትም። አንተንም የማስብህ እንዲሁ ነው፤ ሳያስፈልግ፣ በየማታው፣ እጅ እንደ ለመደው። በየጉሙ ፋኖስ የያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር አቆማለሁ፤ ይህን ቃል ሰጥቼሃለሁ።

ሙት ዓመትህ ቀርቧል። ጉሬዛን የገፉልህ ሁሉ ያን ቀን ሳይገፉ ጠላቸውን ይጠጣሉ።

ነገ፦ በማለዳ ወደ ትክል ድንጋይ፤ ጌሾና የብቅል ገብስ ለመግዛት። ለፈንታ አዲስ መፍቻ።